ጀበናና ሲኒ በኢንክስኬፕ፦ ከክብ፣ ከአራት ማዕዘንና ከእጅ መስመር

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሲኒ አውርዱና ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጡ። ጀበና ካለ እሱንም። በደንብ እዩዋቸው። የጀበናው ሆድ ክብ ነው። አንገቱ ረጅም አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ላይ ትንሽ ይጠባል። እጀታው የቀለበት ግማሽ ነው። ሲኒው ደግሞ ወገቡ ላይ የተቆረጠ እንቁላል ነው፣ ከሥሩ አጭር እግር አለው። ይሄ ከታያችሁ የሥራው ግማሽ አለቀ ማለት ነው፤ የቀረው መሣሪያውን ማወቅ ነው።

ይሄን የምለው ብዙ ጀማሪ ሶፍትዌሩን እንደከፈተ እርሳሱን መርጦ በማውስ ጀበና ሊስል ስለሚሞክር ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግራና ቀኙ አይገጥምም፣ ከዚያ «እኔ ስዕል አልችልም» ይልና ይተወዋል። ስዕል ስለማይችል ግን አይደለም፤ የጀመረው ከማይጀመርበት ቦታ ነው። የእጅ መስመር የራሱ ቦታ አለው። እሱም መጨረሻ ላይ፣ እንፋሎቱ ላይ ነው።

ሥራው ለማን ይሁን? በየሰፈሩ ጀበና ቡና ለምትሸጥ እህት እንበል። ትንሽ ባነር ያስፈልጋታል፣ ለቴሌግራም ቻናሏም ምልክት። አንድ ጀበና፣ አንድ ሲኒ፣ ሦስት የእንፋሎት መስመር፣ ከሥር «ቡና» የሚል ጽሑፍ። በቃ። ይሄን ስትጨርሱ መሠረታዊ ቅርጾችን፣ ቀጥታ መስመርንና የእጅ መስመርን ሁሉንም ነክታችኋል።

የምንጠቀመው ኢንክስኬፕ የሚባለውን የስዕል ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ ፍለጋ መዞር የለም። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ 1.0 ቨርዥኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ከድሮዎቹ ይልቅ ከ1.2 ወዲህ ያለውን አውርዱ፤ ከታች የምጠራቸው ነገሮች እዚያ ላይ ሁሉም አሉ።

ኢንክስኬፕ የሚሠራው በቬክተር ነው። ስዕሉን የሚይዘው በጥቃቅን ካሬዎች ሳይሆን በነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል ባሉ መስመሮች ነው። ስለዚህ አንዴ የሠራችሁትን ጀበና አውራ ጣት የሚያክልም የሱቅ ግድግዳ የሚያክልም ማድረግ ትችላላችሁ፣ ጠርዙ አይበላሽም። ይሄን በደንብ የገባኝ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ምልክት በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በትንሽ መጠን ሠርቼ ለኅትመት ስሰጥ ነው። ባነሩ ሲወጣ የፊደሎቹ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነበር። ሙሉ ሥራውን እንደገና ሠራሁት።

መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ የፊደል አቋራጮቹ ላይታዘዙላችሁ ይችላሉ። አር ትጫናላችሁ፣ ምንም አይመጣም፣ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋውን ቀይሩ። ከዚህ በታች የቁልፎቹን ስም እንደሚጠሩት እጽፋለሁ፦ ኤስ፣ ኤን፣ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ቢ፣ ሲ። ኤስ ዕቃ መምረጫና ማንቀሳቀሻው ቀስት ነው። ኤን ነጥቦችን ማስተካከያው ነው። አር አራት ማዕዘን፣ ኢ ክብ፣ ፒ እርሳስ፣ ቢ ብዕር፣ ሲ የካሊግራፊ ብዕር። እነዚህን ሰባቱን ብቻ ያዙ።

መሣሪያዎቹ በግራ በኩል ተደርድረዋል። ቀለሞቹ ከታች ናቸው። ከላይ ያለው አግድም መስመር የያዛችሁት መሣሪያ በተቀየረ ቁጥር ይቀያየራል፣ ቁጥሮችን የምትጽፉት እዚያ ነው። ጎናቸው ያለው መለኪያ ሚሊሜትር ላይ መሆኑን እዩ።

የጀበናው ሆድ

ኢ ተጫኑ። ኮንትሮልን ይዛችሁ ማውሱን ጎትቱ። ኮንትሮል ካልያዛችሁ የሚወጣው እንቁላል ነው፤ ከያዛችሁ ክብ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኮንትሮል ክብ ብቻ ሳይሆን አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሦስት የሚሆኑ ቅርጾችንም ይይዛል። ስለዚህ አጎታተታችሁ ወደ አንድ ጎን ካመዘነ ጠፍጣፋ ነገር ዘሎ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፣ እጃችሁን ወደ ሰያፍ መልሱት። ሺፍትን አብራችሁ ከያዛችሁ ደግሞ የጀመራችሁበት ቦታ መሃል ይሆንና ክቡ በዙሪያው እኩል ያድጋል።

ከዚያ ወደ ላይኛው መስመር ሂዱ። አርኤክስ እና አርዋይ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። በሁለቱም 30 ጻፉ። ይሄ ሬዲየስ ነው፣ ስለዚህ ክቡ 60 ሚሊሜትር ስፋት ይኖረዋል። ብዙ ሰው 60 ብሎ ይጽፍና ገጹን የሚያክል ሆድ ይወጣበታል።

ቀለሙን ጥቁር አድርጉት፤ ከታች ጥቁሩን አንዴ ጠቅ ማድረግ ነው። ሺፍት ይዛችሁ ጠቅ ካደረጋችሁ ግን የሚቀየረው የውስጡ ቀለም ሳይሆን የጠርዙ መስመር ነው። ይሄን ልዩነት አሁኑኑ እጃችሁ ላይ አስገቡት፣ ቀኑን ሙሉ ትጠቀሙበታላችሁ። ጠርዙ ለጊዜው አያስፈልገንም፣ ሺፍት ይዛችሁ የኤክስ ምልክቷን ጠቅ አድርጉና አጥፉት።

አንገቱ

አር ተጫኑና ከክቡ በላይ ጎትቱ። ከላይ ባሉት ሳጥኖች ስፋቱን 14፣ ቁመቱን 55 አድርጉ። የታችኛው ጫፉ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ይግባ። ካልገባ ኋላ ስታዋህዱት ክፍተት ይቀራል።

አራት ማዕዘኑን ስትመርጡ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ እጄታ ታያላችሁ። እሷን ስትጎትቱ ጥጎቹ ይለዝባሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ኢንክስኬፕ ያስታውሰዋል፣ ቀጥሎ የምትስሉት አራት ማዕዘንም ጥጉ ለዝቦ ይመጣል። ሹል ጥግ ስትፈልጉ ከላይኛው መስመር ጫፍ ላይ ጥጉን የሚመልስ ቁልፍ አለ። ቀለምም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ የሳላችሁት ቅርጽ የማይታየው የመጨረሻው ቀለማችሁ ነጭ ስለነበረ ብቻ ነው።

አሁን አንገቱን ወደ ላይ እናጥብበው። እዚህ ጋ አንድ ውሳኔ አለ። አራት ማዕዘኑ እስካሁን «አራት ማዕዘን» ነው፤ ስፋትና ቁመት እንጂ ነጥብ የለውም። ነጥቦቹን ለብቻ ለማንቀሳቀስ ወደ ፓዝ፣ ማለትም በነጥቦችና በመስመሮች ወደተሠራ ቅርጽ መቀየር አለበት። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ተጫኑ። ከዚህ በኋላ የስፋትና የቁመት ሳጥኖቹ አይሠሩለትም፣ የጥግ ማለዘቢያዋም ትጠፋለች። ስለዚህ መጠኑን ጨርሳችሁ ነው የምትቀይሩት እንጂ ቀድማችሁ አይደለም።

ኤን ተጫኑ። አራት ነጥቦች ጥጎቹ ላይ ይታያሉ። የላይኛውን ግራ ነጥብ ጠቅ አድርጉና በኪቦርዱ ቀስት ወደ ቀኝ ሦስቴ ግፉት። የላይኛውን ቀኝ ነጥብ ደግሞ ወደ ግራ ሦስቴ። በማውስ ብትጎትቱት አንዱ ከአንዱ ይበልጣል፤ በቀስቱ ግን ሁለቱም እኩል ይገባሉ። አነሰ ካላችሁ ሁለቱንም እኩል ጨምሩ።

ከዚያ ኤስ ተጫኑና ሺፍት ይዛችሁ ሆዱንና አንገቱን ሁለቱንም ምረጡ። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኤ ስትሉ የማሰለፊያው ሰሌዳ ይከፈታል። «ከምን አንጻር» የሚለው ላይ ትልቁን ዕቃ ምረጡ፣ ከዚያ በቁም መሃል የሚያስገባውን ቁልፍ ተጫኑ። አንገቱ ሆዱ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። በዓይን አታስተካክሉ። ዓይን የሳተውን አንድ ሚሊሜትር ባነር ላይ ሁሉም ሰው ያየዋል።

እጀታና መቅጃ

እጀታውን ብዙ ሰው ጠመዝማዛ መስመር አድርጎ ለመሳል ይደክማል። አያስፈልግም። ኢ ተጫኑ፣ ከአንገቱና ከሆዱ መጋጠሚያ በቀኝ በኩል ቆም ያለ እንቁላል ሳሉ፤ አርኤክስ 14፣ አርዋይ 20 ይሁን። ውስጡን ባዶ አድርጉት፤ የኤክስ ምልክቷን ያለ ሺፍት ጠቅ ማድረግ ነው። ጠርዙን ጥቁር አድርጉ። ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኑና በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ የጠርዙን ውፍረት 5 ሚሊሜትር በሉት። ቀለበት ሆነ። አሁን ግማሹ አንገቱና ሆዱ ላይ እንዲያርፍ ወደ ግራ አስጠጉትና ኤንድ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ቀለበቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከውጭ የሚታየው የእጀታው ግማሽ ብቻ ይሆናል። ከማውስ ጋር ሳትታገሉ ንጹሕ እጀታ አገኛችሁ።

መቅጃዋ በግራ በኩል ናት። ለእሷ ብዕሩን እንጠቀም፣ ቢ ተጫኑ። ብዕሩ ከእርሳሱ የሚለየው ተጭናችሁ ስለማትጎትቱ ነው፤ ነጥብ ነጥቡን ጠቅ እያደረጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ መስመሩ ራሱ ያገናኛቸዋል። ሆዱ ውስጥ አንዴ ጠቅ፣ ወደ ግራ ከፍ ብላችሁ አንዴ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አንዴ፣ ተመልሳችሁ ሆዱ ውስጥ አንዴ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ጠቅ ስታደርጉ ይዘጋል። ነጥብ ከሳታችሁ ባክስፔስ የመጨረሻውን ብቻ ያጠፋል። ኤስኬፕ ከተጫናችሁ ግን ሁሉም ይጠፋል። ኮንትሮል ይዛችሁ ጠቅ ካደረጋችሁ መስመሩ በ15 ዲግሪ እየዘለለ ስለሚሄድ ፍጹም አግድም ወይም ፍጹም ቁም መስመር ታገኛላችሁ። ጠቅ አድርጋችሁ ሳትለቁ ከጎተታችሁ ደግሞ መስመሩ ይጎብጣል። ለዛሬ ቀጥታው ይበቃል፣ መቅጃዋን ጥቁር ቀቧት።

አሁን ማዋሃድ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እጀታው ጠርዝ እንጂ ሙሉ ቅርጽ አይደለም። እንዲሁ ካዋሃዳችሁት ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ እጀታውን ብቻ መርጣችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ሲ ተጫኑ፤ ጠርዙ ራሱ ቅርጽ ይሆናል። ከዚያ አራቱንም መርጣችሁ ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን ተጫኑ። ጀበናው አንድ አካል ሆነ። ከማዋሃዳችሁ በፊት ግን ኮንትሮልና ዲ ብላችሁ ቅጂ አውጡና ከገጹ ውጭ አስቀምጡት። ደንበኛዋ «አንገቱን ትንሽ አሳጥርልኝ» ስትል ታመሰግኑኛላችሁ።

ከሥሩ ማቶት ያስፈልገዋል፣ ያለዚያ ጀበናው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ስፋቱ 34፣ ቁመቱ 8 የሆነ አራት ማዕዘን፣ ጥጎቹ ሙሉ በሙሉ የለዘቡ፣ የሣር ቀለም። መሃል አሰልፉትና ወደ ፊት አምጡት፣ ሆም የሚለው ቁልፍ ነው።

ሲኒው

ክቡን መቁረጥ እዚህ ትማራላችሁ። እንቁላል ሳሉ፣ አርኤክስ 18፣ አርዋይ 24። ከላይኛው መስመር መነሻና መድረሻ የሚሉ ሁለት የማዕዘን ሳጥኖች አሉ። መነሻውን 0፣ መድረሻውን 180 አድርጉ። አጠገባቸው ካሉት ትንንሽ ቁልፎች በቀጥታ መስመር የሚዘጋውን፣ ኮርድ የሚባለውን ምረጡ። ቅርጹ ጎድጓዳ ይሆናል። የላይኛው ግማሽ ከመጣባችሁ ኤስ ተጫኑና ቪ በሉ፣ ይገለበጣል።

ቁጥር መጻፍ ካልፈለጋችሁ ክቡ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ እጄታ ጎትቷት። ማውሱ ከክቡ ውጭ ሆኖ ከጎተታችሁ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ እስከ መሃል የሚገባ ቁራጭ ይወጣል። ከክቡ ውስጥ ሆናችሁ ከጎተታችሁ ደግሞ የጎበጠ መስመር ብቻ ይቀራል። ሁለቱንም ሞክሩት፣ እጅ ላይ ቶሎ ይገባል።

ሲኒውን ነጭ ቀቡና ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ስጡት። ከሥሩ 14 በ4 የሆነ አራት ማዕዘን እግር ይሁነው። ከላይ አርኤክስ 18፣ አርዋይ 4 የሆነ ጠፍጣፋ እንቁላል አፉ ላይ አሳርፉ። ኮንትሮልና ዲ ብላችሁ አባዙት፤ ቅጂው በትክክል ከላዩ ስለሚያርፍ ያልተባዛ ይመስላል፣ ግን አለ። ቅጂውን ወደ አርኤክስ 16፣ አርዋይ 3 አሳንሱና ሁለቱን በማሰለፊያው መሃል ለመሃል አድርጋችሁ ትንሹን ብቻ ቡናማ ቀቡት። ቡናው ተቀዳ። እጀታ አታድርጉለት። የኛ ሲኒ ጆሮ የለውም፤ ጆሮ ካደረጋችሁለት የማኪያቶ ኩባያ ይሆናል።

ጥለት ማድረግ ለሚፈልግ፦ የኮከብ መሣሪያውን ምረጡ፣ ከላይ ከኮከብ ወደ ፖሊገን ቀይሩት፣ የጥጉን ቁጥር 4 አድርጉ፣ 3 ሚሊሜትር የሚያክል አልማዝ ሳሉ። አምስት ጊዜ አባዙና በግምት ደርድሯቸው። ከዚያ በማሰለፊያው ሰሌዳ አንድ መስመር ላይ አውሏቸው፣ መካከላቸው ያለውንም ክፍተት እኩል አስደርጉ። ዕቃዎቹ እየዘለሉ አልታዘዝ ካሉ አጣብቂው (ስናፕ) በርቶ ነው፤ የፐርሰንት ምልክቷን ስትጫኑ ይጠፋል።

እንፋሎቱ፣ አሁን እጃችሁን ፍቱት

ፒ ተጫኑ። እዚህ ቁጥር የለም፣ ኮንትሮል የለም። እንፋሎት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም፣ መስመሩም እንደዚያ መሆን አለበት። ጀበናው በልኬት ስለተሠራ ቀጥ ያለ ነው፤ እንፋሎቱ ግን የሰው እጅ የነካው ሲመስል ስዕሉ በሙሉ ይሞቃል። በኮምፒውተር የተሠራ ነገር የሚደርቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድም በእጅ የተሳለ መስመር ስለሌለው ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ከላይኛው መስመር ማለስለሻውን እዩ። ሲመጣ ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። በማውስ የምትስሉ ከሆነ 30 አካባቢ አድርጉት። ዝቅ ካለ የእጃችሁን እያንዳንዷን ንቅጥቃጤ ይመዘግባል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ የሳላችሁትን ጠመዝማዛ ወደ ቀጥታ ዱላ ይቀይረዋል። ቅርጽ በሚለው ምርጫ ውስጥ ኤሊፕስ አለ። እሱን ከመረጣችሁ መስመሩ ሁለቱ ጫፉ ቀጭን፣ መሃሉ ወፈር ያለ ይሆናል። ለእንፋሎት ከዚህ የተሻለ የለም።

አሁን ከሲኒው አፍ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጀምሩ። ተጫኑ፣ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እያላችሁ ጎትቱና ልቀቁ። በፍጥነት! ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ፈጠን ካላችሁ መስመሩ ራሱ ይፈስሳል። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አትቸንክሩት፣ ክንዳችሁ በሙሉ ይንቀሳቀስ። ካልወደዳችሁት ኮንትሮልና ዜድ፣ እንደገና። እኔ ለሦስት መስመር ሃያ ጊዜ ያህል እሞክራለሁ፣ ይሄ የሥራው አካል ነው። ሦስቱ መስመሮች እኩል ቁመት አይኑራቸው፤ የመሃሉ ይርዘም፣ የጎኖቹ ይጠሩ።

ቅርጹ ጥሩ ሆኖ መስመሩ አሁንም ጎርበጥ ያለ ከሆነ መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤል ተጫኑ። ነጥቦቹን ይቀንሳል። ደጋግማችሁ ቶሎ ቶሎ ከተጫናችሁ በየጊዜው ይበረታል፣ ስለዚህ አንዴ ተጭናችሁ እዩት። ኤን ስትጫኑ ስንት ነጥብ እንዳለው ከታች ይነግራችኋል። አንድ የእንፋሎት መስመር ከአራት ወይም ከአምስት ነጥብ በላይ አያስፈልገውም። 24 ነጥብ ያለው መስመር ሁሌም ጉብጥብጥ ይላል፤ ትርፉን እየመረጣችሁ በዲሊት አጥፉት። የተሰበረ የሚመስል ቦታ ካለ ነጥቡን መርጣችሁ ሺፍትና ኤስ በሉ፣ ይለዝባል።

ለጽሑፉ የካሊግራፊውን ብዕር ሞክሩት፣ ሲ ነው። እርሳሱ አንድ ዓይነት ውፍረት ሲሰጥ ይሄኛው ጫፉ ሰያፍ ተደርጎ እንደተቀረጸ መቃ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ይሰፋል፣ በሌላው ይቀጥናል። የግዕዝ ፊደላችን ለዘመናት በእንደዚህ ዓይነት ብዕር ብራና ላይ ሲጻፍ ስለኖረ «ቡና» ብላችሁ ስትጽፉ እግሮቹ ወፍረው፣ ማገናኛዎቹ ቀጥነው ሲወጡ ደስ ይላል። በፍጥነት ሲሄድ የሚያቀጥነውን ቁጥር 0 አድርጉት። ክብደት የሚለውን ከፍ ስታደርጉ ብዕሩ ከእጃችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። የብዕሩን ማዕዘን በ30 እና በ0 መካከል እየቀያየራችሁ ለእናንተ እጅ የሚሆነውን ፈልጉ። ፊደሉን በፎንት የምትጽፉ ከሆነ ግን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ብላችሁ ወደ ፓዝ ቀይሩት። የእናንተ ፎንት እነሱ ጋ ከሌለ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ማውጣት

ኮንትሮልና ኤስ ብላችሁ በኤስቪጂ አስቀምጡ። ይሄ ዋናው ፋይላችሁ ነው፣ አይጥፋ። ከዚያ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ኢ ስትሉ የማውጫው ሰሌዳ ይከፈታል። ለቴሌግራም ፒኤንጂ (በጥቃቅን ካሬዎች የተሠራ ምስል) ይበቃል፣ ወርዱን 1000 ፒክስል አድርጉት። ለደንበኛዋ ስትልኩ ፎቶ አድርጋችሁ ሳይሆን ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ ፎቶ ከሆነ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። ለስቲከር ኅትመት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት) የሚለውን ከ96 ወደ 300 አንሡት፤ 10 ሴንቲሜትር የሚያክል ስዕል በዚህ ልክ 1181 ፒክስል ይወጣል። ለባነር ግን ፒኤንጂ አትስጡ፣ ፒዲኤፍ አውጡ።

ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር፦ ገጹን አርቁት፣ ጀበናው የጥፍራችሁን ያህል እስኪሆን። ጀበና መሆኑ ይታያል? የእጀታው ቀዳዳ ክፍት ነው ወይስ ተደፍኗል? እንፋሎቱ አለ ወይስ ጠፋ? ቻናሉ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚያየው በዚህ መጠን ነው። እንፋሎቱ ከጠፋ ከሦስቱ መስመር አንዱን አውጡና የቀሩትን ሁለቱን አወፍሯቸው፣ እንደገና አርቃችሁ እዩ።